ሰማኸኝና ተመላሹ ጃንጥላ

ሰማኸኝ ላሊበላ ውስጥ የስለት ዕቃ ይሸጣል። ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሰው ለታቦት የሚሳለው ነገር ሁሉ ከሱቁ አይጠፋም። ሱቁ ከከተማው ዳር፣ ወደ አንድ የገጠር ደብር በሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። ባዶ እጁን የመጣ ተሳላሚ ዳገቱን ቀና ብሎ ሲያይ ስለቱ ትዝ ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ ሰማኸኝ በሩ ላይ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

ንግዱ እንዲህ ነው። ተሳላሚው ባለወርቅ ዘርፉን ጃንጥላ ገዝቶ ዳገቱን ይወጣል፤ እልል ተብሎለት ለደብሩ ያስገባል። የደብሩ ዕቃ ቤት በጃንጥላ ሲጨናነቅ ሰበካ ጉባኤው የተረፈውን በጅምላ ይሸጣል። የሚገዛው ሰማኸኝ ነው። አቧራውን አራግፎ፣ ዘርፉን አበጥሮ ያንኑ ጃንጥላ ለሚቀጥለው ባለስለት ይሰቅለዋል። ነውር የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያኗም ጣሪያዋን የምታድሰው በዚሁ ገንዘብ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ብቻ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ዝም ስለተባለም ሁሉም ተጠቃሚ ነበር።

ሰበካ ጉባኤው የመግዛቱን ፈቃድ በየዓመቱ ያድሳል። ዘንድሮ ሌሎች ነጋዴዎችም ጠየቁና ጉባኤው «ዘመናዊ አሠራር ላለው ቅድሚያ ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ። ፈቃዱ ከሰማኸኝ እጅ ከወጣ ሱቁ አለቀለት፤ አዲስ ጃንጥላ ከአዲስ አበባ እያስጫነ በዚያ ዋጋ መሸጥ የማይታሰብ ነው። ሚስቱ እየሩስ ጭንቀቱን አይታ፣ «ሂድና መምሬን አነጋግራቸው። ነገር በሰው ነው የሚያልቀው» አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄድ ነበር። ሰማኸኝ ግን ድሮ አስጎብኚ ነበርና ከፈረንጅ አፍ የለቀመውን ቃል እስከ ዛሬ አልጣለውም። «መምሬ ምን ያደርጉልኛል? ሲስተም ነው የሚያስፈልገኝ» አላት።

መጀመሪያ አንድ የሶፍትዌር ሻጭ ከወልድያ አስመጣ። ሰውየው ለሱፐርማርኬቶች የሚሸጠውን ፕሮግራም በላፕቶፑ ከፈተ፤ ባርኮዱን አትሞ ጃንጥላው እጀታ ላይ ለጠፈ፤ ስካነሩንም ጢጥ አደረገ። ሰማኸኝ ደስ አለው። ወዲያው ግን ፕሮግራሙ የጃንጥላው መጠቀሚያ ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ ጠየቀ።

«ጃንጥላ ነው እኮ። እርጎ መሰለህ?» አለ ሰማኸኝ።

ሻጩ የሆነ ቀን ሞላለትና አለፉት። ቀጥሎ የመጣው ግን የሚታለፍ አልነበረም። የተሸጠ ጃንጥላ ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ምክንያት ይፈልጋል፤ ተበላሽቶ ነው፣ መጠኑ አንሶ ነው፣ ወይስ ደንበኛው አልወደደውም? «ደንበኛው አልወደደውም የሚለውን ይጫኑ፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚጫነው» አለ ሻጩ። ሰማኸኝ ደንበኛው ማን እንደሆነ አሰበ። ጃንጥላው የተሰጠው ለታቦቱ ነው። ታቦቱ አልወደደውም ብሎ ሊመዘግብ ነው? አማተበና ሰውየውን ምሳ እንኳ ሳይጋብዝ ሸኘው።

ከዚያ ወዲያ ሰማኸኝ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ የሚያወራው አንድ ነገር ሆነ። ተሠርቶ የተቀመጠ ሶፍትዌር ለእሱ አይሆንም፤ ልብስ በልክ እንደሚሰፋ በልክ የሚሠራ ዳታቤዝ ነው የሚፈልገው። የሚሰማው ሰው ዳታቤዝ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰማኸኝም ቢሆን እምብዛም አያውቅም።

በልክ የምትሠራው ሐምዲያ የምትባል ባለሙያ ከደሴ መጣች። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ ዕቃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው።

«እኔ እሸጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ይገባል።»

«የት ነው የሚገባው?»

«ደብሩ።»

«ከደብሩስ ጋሽ ሰማኸኝ?»

ሰማኸኝ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይመለሳል» አላት።

ሐምዲያ አልገረማትም፤ የወሎ ልጅ ናትና ስለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሥራዋንም አሳምራ ሠራችው። ባርኮዱ በተነበበ ቁጥር ጃንጥላው ከሱቅ ወደ ባለስለት፣ ከባለስለት ወደ ደብር፣ ከደብር ወደ ሱቅ ሲዞር ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ቀስት ይታያል፤ ከሥሩም ሰማኸኝ በእያንዳንዱ ዙር ያተረፈው ይደመራል። ስታስረክበው ግን ትንሽ አመነታች።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይቺን ገጽ ልደብቅልዎት። ለእርስዎ ብቻ ትክፈት።»

«የምትደበቅ ከሆነ ምኑን ዘመንኩት?» አለ ሰማኸኝ። ከከፈላት ገንዘብ አብዛኛው የወጣው ለእነዚያ ቀስቶች ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ውባንቺ አለች። የሰማኸኝ ተፎካካሪዎች የደረሰኝ ጥራዝ ይዘው ነው የመጡት። ሰማኸኝ በአዘኔታ አያቸው። ተራው ሲደርስ ላፕቶፑን ዘረጋ፣ አንድ ጃንጥላ አነሳ፣ ጢጥ አደረገው። ቀስቶቹ መዞር ጀመሩ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አስተዋይ ሰው እዚያ ላይ ያቆም ነበር። ሰማኸኝ ግን ጸጥታውን አድናቆት አደረገው፤ አስጎብኚነቱም መጣበት። «ይህ ጃንጥላ አያረጅም አባቶቼ! እዩት፣ እዚህ ይወጣል፣ እዚያ ይገባል፣ ተመልሶ ይመጣል። በየዙሩ ትርፍ አለው። ሠራተኛ አያስፈልገው፣ ማሽኑን ማንም ይይዘዋል» እያለ ቀጠለ። ለዓመታት ማንም በአፉ ያላወጣውን እሱ በስክሪን አሳያቸው።

ወይዘሮ ውባንቺ መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ጃንጥላው ከእኛ ነው የሚወጣው?»

«ከእናንተ ነው።»

«የሚመለሰውስ?»

«ወደ እናንተው።»

«እንግዲያ ወንድሜ፣ አንተ መሀል ላይ ምን ትሠራለህ?»

ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ሰውን የማዋረድ ልማድ የላቸውም፤ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጃችን ሰማኸኝ ብዙ ደክሟል። ለቤተ ክርስቲያኗ አስቦ ይህን የመሰለ መሣሪያ ባያመጣልን ኖሮ እኛ ከየት እናውቀው ነበር? ከዛሬ ጀምሮ ሱቁን በደጃችን ራሳችን እንከፍታለን። መሣሪያውንም እነሆ በረከት ብሎ ሰጥቶናል።»

ሰማኸኝ ሰጥቻለሁ አላለም። ነገር ግን ጉባኤው በሙሉ ዞሮ እያየው ነው፤ ሴቶቹም እልልታውን አቅልጠውታል። ለታቦት የተሰጠውን አልሰጠሁም የሚል ሰው በዚህ አገር አይኖርም። መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «የሰጠኸውን በእጥፍ ይመልስልህ» ብለው መረቁት። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን ያለው ራሱ ሰማኸኝ ነበር።

ዳገቱን ብቻውን ወረደ። እየሩስ ሱቁ በር ላይ ሆና ስትጠብቀው ነበር።

«ምን አሉህ?»

«መረቁኝ» አላት።

እየሩስ ባዶ እጁን አየችና ላፕቶፑን የት እንዳደረገው አልጠየቀችም።