የጧፍ ክር በብርጭቆ ውስጥ

ይህ ከደረሰ ገና ዓመት አልሞላውም። እማማ አንጓች የግድግዳ ጎረቤቴ ስለሆኑ፣ በየቀኑም ስለማያቸው፣ ልርሳው ብል እንኳ አልረሳውም።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ዐረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ ማዳሜ በትርፍ ጊዜዋ በብርጭቆ ሻማ ትሠራ ነበር፤ እኔም እያየሁ ተማርኩ። አገሬ ስገባ መተዳደሪያዬ አደረግሁት። ብርጭቆው መሐል ክር አቁሜ የቀለጠ ሰም እሞላበታለሁ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ክሩ ግን አመለኛ ነው። ከወፈረ ያጨሳል፣ ብርጭቆውንም እስኪሰነጠቅ ያግለዋል። ከቀጠነ ደግሞ ዙሪያው የቀለጠው ሰም ያሰጥመውና ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ ክር በመጣ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ለኩሶ ግማሽ ቀን ማየት ግድ ነው። ማዳሜ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር።

እማማ አንጓች ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። የሚለዩት ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሐኪሞች መጥተው ሞራ በነጻ ይገፍፋሉ ተባለና እሳቸውም ተመዘገቡ። ተመዘገቡ እንጂ ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም። ከመሄዳቸው በፊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት መብራት አብርተው ሊለምኑ ፈለጉ። ጧፍ አንድ ጊዜ እጃቸውን ስላቃጠላቸው በብርጭቆ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ።

በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ የማስመጣው ክር አልቆብኝ ነበር። ጧፍ ከሚሠሩ ሰዎች የጧፍ ክር ለመንኩ። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ የሚያበራ ክር አንዲት ብርጭቆ ታቅተዋለች? ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ጧፍ እኮ ራሱ ቀጭን ነው፤ ክሩ የሚያቀልጣት ሰም ትንሽ ናት። ብርጭቆ ሰፊ ነው። ይህን አጥቼው አይደለም፤ የሠርግ ትእዛዝ ስለነበረብኝ ቸኩዬ ነው። ሳልሞክር ሁለት ብርጭቆ ሠራሁና አንዱን ሰጠኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ የኔው ግን የሚለቀም አልሆነም።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ቤቴ መጡ። የሠርግ ሻማ ያዘዘችኝ ደንበኛ ተቀምጣ እየመረጠች ነበር። እማማ ሦስት ጊዜ ለኩሰው ሦስቴም እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር፣ ነፋስ የሚባል የለም።

«እመቤቴ አልወደደችልኝም ልጄ» አሉ። «ልመናዬን ካልተቀበለች በምን ድፍረት ዓይኔን ለቢላ እሰጣለሁ? ቀርቻለሁ።»

ወዲያው ገባኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ክሩ ቀጥኖ ነው ማለት ነበረብኝ። ደንበኛዬ ግን አንዴ ሻማዎቹን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ሻማዬ ይጠፋል ከተባለ በዚህ ከተማ ማን ዘወር ብሎ ያየኛል? ኧረ ይሂዱ፣ አይፍሩ ብቻ ብዬ ሸኘኋቸው። ሴትዮዋ እንደወጣች የቀረውን ብርጭቆ ለኮስኩት። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ክሩ ጎንበስ ብሎ ሰሙ ውስጥ ሰጠመ። ከሰዓት ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከሰዓት አፈርኩና ነገ ጠዋት አልኩ።

በማግስቱ ስሄድ ተመዝጋቢዎቹን የጫነው መኪና ወጥቷል። እማማ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ በሚኒባስ ራሴ እወስድዎታለሁ፣ እንደርሳለን አልኳቸው።

«ክሩ ቢሆን ትናንት ስነግርሽ አትነግሪኝም ነበር? ልታጽናኚኝ ነው። እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

ሰው ፊት አፍሬ ነው ብላቸው ጭራሽ አላመኑኝም። ሮጬ ያንኑ የሳቸውን ብርጭቆ ወሰድኩ። ሰሙን አለስልሼ ቀጭኑን ክር መዘዝኩና ሦስት ክር ገምጄ በቦታው ተከልኩ። ሲረጋ ፊታቸው ለኮስኩት። እስከ ቀትር ድረስ አንድም ጊዜ ሳይርገበገብ በራ። እሳቸውም ብርሃኑ ወዳለበት ዞሩ።

«ላንቺ በራልሽ» አሉኝ በመጨረሻ። «አንቺ ኃጢአት የለብሽማ።»

ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። እስካሁን ተመልሰው አልመጡም። ሲመጡ እሄዳለሁ እንዲሉኝ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፣ ወሬውን ያዞሩብኛል። አሁን አዲስ ክር ሳልሞክር አንድ ብርጭቆ ከቤቴ አይወጣም፤ ለሳቸው ግን ምን ይረባቸዋል? የሚያናድደኝ ክሩ አይደለም። ክሩንማ ቀየርኩት። የሚያንገበግበኝ ያቺን አንዲት ቃል ደንበኛዬ ፊት መዋጤ ነው።

በደጃፋቸው ሳልፍ በኮቴዬ ያውቁኛል። እንዳንቺ ያለ ልጅ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ ብለው ይመርቁኛል። አሜን ማለት ያቅተኛል።