ጀግናው የተኛበት ክፍል

ሰውየው ለሳኝ ነው። ግድግዳ ያለሰልሳል፣ ማዕዘን ያወጣል፤ ከሁሉም በላይ ግን ኮርኒስ ላይ እጁ የተመሰከረለት ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ የዛፍ ግንድ የሚያህል፣ ጠባዩ ግን ጥጥ። ሚስቱ፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ተሰጥቶህ ዝንብ እንኳ እሽ አትልም እያለች ትስቅበታለች።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሠዓሊ ነው። በየሳምንቱ ለሚወጣ መጽሔት የአንድ ጀግና ታሪክ በሥዕል ይተርካል። ጀግናው ነጎድጓድ ይባላል፤ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ የሚበር፣ የወደቀ የሚያነሳ፣ የተናደ የሚደግፍ። ሠዓሊው ራሱ አጥንትና ቆዳ ብቻ ስለሆነ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ሲሞክር ጀግናው የታጠፈ ዣንጥላ እየመሰለበት ተቸገረ። ስለዚህ የነጎድጓድን ገላ ከእህቱ ባል ተዋሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣና፣ እስቲ ጋሼ ይቺን ቁም ሳጥን እንደምትወድቅ አውቶቡስ ደግፋት ይለዋል። ለሳኙም እያፈረ ይደግፋል። መጥረጊያው ጦር፣ የአልጋ ልብሱ ካባ ይሆናል። ለማንም እንዳይነገር ግን ሁለቱንም አስምሏቸዋል፤ የሥራ ጓደኞቹ ቢሰሙ መሳቂያ መሆኑ ነው።

ታሪኩ መሀል ላይ ደርሶ ነበር። ባለፈው ክፍል ነጎድጓድ የተሰበረ ድልድይ በጫንቃው ተሸክሞ ሰው ሁሉ እስኪሻገር ቆየና፣ የመጨረሻዋ አሮጊት እንዳለፉ ጉልበቱ ከድቶት ወንዝ ዳር ወደቀ። በሚቀጥለው ክፍል ጠላቶቹ በሰንሰለት ሊያስሩት ነው። ለሠዓሊው የቀረው የወደቀውን ሰው መሣል ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ ዛሬ የምትሸከመው የለም" አለው። "ፍራሹ ላይ ጋደም በልልኝ፤ ለአፍታ ነው።"

ለሳኙ ሳምንቱን የከረመው የአንድ አዳራሽ ኮርኒስ ሲለስን ነው። የኮርኒስ ሥራ ቀኑን ሙሉ እጅን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ አንገትን ሰብሮ መዋል ነው፤ የሚንጠባጠበው ጀሶ ቅንድብ ላይ ይደርቃል፤ ሲመሽ እጅ ውረድ ቢሉት አልወርድ ይላል። ጎኑ ፍራሹን እንደነካ ጭልጥ አለ።

በሕልሙ ኮርኒሱ ላይ ይሄድ ነበር፤ በባዶ እግሩ። ነጭ ሜዳ ነው፣ ገና አልደረቀም፤ እግሩ ሲያርፍበት ይረግብና መልሶ ይሞላል። ከበላዩ ይሁን ከበታቹ እንጃ፣ የአዳራሹ ወንበሮች እንደ ከዋክብት ተንጠልጥለዋል። እጆቹ ከጎኑ ወርደዋል፣ ክብደት የላቸውም። ከሩቅ ጫር ጫር የሚል ድምፅ ይሰማዋል። የእርሳስ ድምፅ ነበር፤ እሱ ግን አባቱ ከወዲያኛው ጥግ ሲለስን መሰለው። አባቱም ለሳኝ ነበር። ወደ ድምፁ አመራ። ሜዳው አላልቅ አለ፤ እሱም እንዲያልቅ አልፈለገም።

የቀረውን ኋላ ነው የነገሩት። ሠዓሊው ሊቀሰቅሰው እጁን ሲዘረጋ እህቱ ከጓዳ ወጥታ፣ ተወው አለችው። የባሏን ጫማ ፈታች፣ ራሱን ቀና አድርጋ ትራስ አስገባች፣ ያን ካባ የነበረ አልጋ ልብስ አለበሰችው፤ ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። ሠዓሊው ሰንሰለቱን ረሳ። የተከፈተ አፍ ሣለ፤ ጥፍር ሥር የገባ ጀሶ፣ ካልሲ ቀዶ የወጣ አውራ ጣት ሣለ። ቤቱ እስኪጨልም ቀና አላለም። ክፍሉም ሌላ ሆነ፦ አንዲት ልብስ አጣቢ ጀግናውን ወንዝ ዳር አግኝታ ቤቷ ትወስደዋለች፤ ጭንብሉን ታወልቅለታለች፤ እሱም ይተኛል። በቃ። ጠላት የለ፣ መብረቅ የለ።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ገጾቹን ሲያገላብጥ፣ ሰው እንቅልፍ ለማየት ገንዘቡን ያወጣል ወይ ብሎ ተቆጣ። ማተሚያ ቤቱ ይጠብቅ ስለነበር ግን እያጉረመረመ አሳለፈው።

መጽሔቱ የወጣ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኞቹ መወጣጫው ሥር እየተቀባበሉ አዩት። ለሳኙ አቀርቅሮ ባልዲ አጠበ። ሥዕሉ ላይ ጭንብሉ ወልቋል፤ የጀግናው ፊት የእሱው ፊት ነው። ከሁሉ ቀልደኛ የሆነው ልጅ ገጹን ብዙ ቆይቶበት፣ ይሄ ሰውዬ እውነትም ደክሞታል አለና፣ መጽሔቱን ፊቱ ላይ ደፍቶ ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ተዘረረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጋደም አሉ። ማንም አላወቀውም። ለሳኙ እፎይ አለ፤ ትንሽም ከፋው፤ ለምን እንደከፋው ግን አልገባው አለ።

ማታ ሚስቱ ገጹን ገልጣ ሰጠችው። ብዙ አየው።

"ይሄማ አባቴ ነው" አለ።

"አንተ ነህ" አለችው። "እኔ ሳልነሳ ትወጣለህ፣ ዓይኔ ከተከደነ በኋላ ትገባለህ። ተኝተህ ካየሁህ ስንት ዘመን ሆነኝ። ያን ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አየሁህ። መቼ ነው እንዲህ የደከምከው? ምነው ዝም አልከኝ?"

"እኔም አልታወቀኝም ነበር" አለ ለሳኙ። እውነቱን ነው። እጁን ይዛ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር በጣቷ ልታራግፍለት ሞከረች፤ ጀሶ አልነበረም፣ ሽበት ነው። ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ አለቃውን፣ ለጊዜው ግድግዳ ስጠኝ አለው። በሥራ ዘመኑ ይህን ስጠኝ፣ ያን ንሳኝ ብሎ አያውቅምና አለቃው ታሞ መሰለው። ከዚያ፣ እሺ፣ ኮርኒሱን ተራ እንገባበታለን አለ።

ቅዳሜ ሠዓሊው መጣ። ዛሬ ነጎድጓድ ይነቃል፤ ከፍራሹ ተስፈንጥረህ ተነስ፣ ጣሪያውን ጥሰን እንወጣለን አለው። ለሳኙ ጋደም አለ። ከዚያ በክርኑ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ የፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ መሬቱን ፈለገ።

"ተስፈንጠር እንጂ፣ ጋሼ!"

"ቆይ" አለ። "ከእንቅልፉ የነቃ ሰው መጀመሪያ የት እንዳለ ያያል።"

ወለሉ ላይ የመስኮቱ ብርሃን አርፏል። በሩ ጋ ሚስቱ ድንች ትልጣለች፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ እየረዘመ ይወርዳል። ጎረቤት አንድ ሰው ሚስማር ይመታል። ሠዓሊው ሊከራከር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተወውና አዲስ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አደላደለ።