የሶባ መንግሥት መርዶ በእኛ ሰፈር

አክስቴ ካንቀላፋች ወደ ሰሊጥ አረም፣ ካላንቀላፋች ወደ ማስተማር። የዚያ ክረምት ዕጣዬ የተንጠለጠለው በአክስቴ የዓይን ቆብ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ባለንበት በሱዳን፣ በገዳሪፍ ዳርቻ ሰሊጡ ስንዝር ሲያክል ሰኞ ሰኞ ሎሪ እየመጣ አራሚ ይጭናል። እኔም ሁለት ክረምት ሄጃለሁ። ሥራውን አላማም፤ ዘፈኑ አለ፣ ቀልዱ አለ፣ የወገቡ ነገርም አለ። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር አማረኝ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ትምህርት ቤታችን ከካርቱም የሸሹ ሰዎች መኖሪያ ሆኗል፤ እኛ የምንማረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ሥር ነው። አስተማሪያችን ዩኒቨርሲቲው የተዘጋበት የታሪክ ተማሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግን «ኡስታዝ» እንለዋለን፣ እሱም በተጠራ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል። እሱ አንድ ነው፣ ተማሪው ጎርፍ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን የሚያስተምርለት ረዳት ፈለገ።

«የታላላቅ መንግሥታትን አነሳስና አወዳደቅ ፊደል ላልቆጠረ ሰው አስረድቶ የገባለት፣ እሱ ረዳቴ ይሆናል» አለ።

እኔ በታሪክ መጽሐፋችን ያለውን ምዕራፍ በቃሌ አውቀው ነበር። አክሱምን፣ ጋናን፣ ማሊን፣ ሁሉንም ከነውድቀታቸው። እየሮጥኩ ሄጄ ላሳደገችኝ አክስቴ ነገርኳት። እናቴ ሾዋክ ከተማ፣ መንገድ መገናኛው ላይ ስለምትሠራ የቤታችን ዳኛ አክስቴ ናት።

«ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፍለጋ የት ትሄጃለሽ? እኔ አለሁልሽ» አለች። «ለእኔ ንገሪኝ። ካንቀላፋሁ ሰኞ ሎሪው ላይ ነሽ። ካላንቀላፋሁ ያሻሽን አስተምሪ። ኻላስ፣ አለቀ።»

አያችሁ ተንኮሏን! አክስቴ የማታንቀላፋበት ቦታ የለም። ስብከት ላይ መቋሚያ ተደግፋ ቆማ ታንቀላፋለች። ሠርግ ላይ ከበሮው ጆሮዋ ሥር እየተመታ ታንቀላፋለች። አንዴ አውቶቡስ ላይ አንቀላፍታ ከሰላ ከተማ ደርሳ ተመልሳለች። አይፈረድባትም፤ ለሎሪ ሾፌሮች ዘላቢያ ጠብሳ ስለምትሸጥ ዶሮ ሳይጮህ ትነሳለች። ስለዚህ ቀኗን አጠናሁ። ጎህ ሲቀድ ሊጡ እስኪነሳ ድረስ እጇን አጣምራ በሩ ላይ የምትቀመጥባት አጭር ጊዜ አለች። ያኔ ዓይኗ እንደ ድመት ነው። ያቺን ሰዓት መረጥኩ።

ከመንግሥታቱም ሶባን መረጥኩ። አክሱምን ሁሉም አውቃለሁ ይላል፤ ማሊ ሩቅ ነው። ሶባ ግን እዚሁ ሱዳን ነው፣ ካርቱም ሳይደረስ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር። የክርስቲያን መንግሥት ነበር፤ አትክልቱ፣ ወርቁ፣ በመቶ የሚቆጠር ቤተ ክርስቲያኑ። መግቢያውን ሦስት ቀን ተለማመድኩት። ልብ እንዲነካ ፈልጌ ነበር። ነካም።

ቅዳሜ ማለዳ ከጓደኛዬ ቤት አድሬ ተነሳሁ፤ አክስቴ ቀድማ አይታኝ ወሬው እንዳይበርድብኝ ብዬ ነው። ኡስታዝ «ምስክር ልሁን፣ ኋላ አንቀላፍቻለሁ ብላ እንዳትክድሽ» ብሎ መጣ። ሁለት ጓደኞቼም ተከተሉኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር በርዶናል፤ ሁላችንም ነጠላና ጋቢ ተከናንበናል። የገዳሪፍ ዋልካ ደግሞ ጫማ ስለሚበላ አንገታችንን ደፍተን፣ እግራችንን እየለካን፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። እኔ መግቢያዬን በልቤ ስለምደግም ማንም እንዳያናግረኝ ብያለሁ። ጸጥ ብለናል።

መጀመሪያ ጎረቤታችን አሮጊቷ ከደጃቸው አዩን። «ምን ሆናችሁ?» አላሉም። ወደ ቤት ገብተው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡና ከኋላችን ተሰለፉ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ከዚያ ሁለት ሴቶች። ከዚያ ባልና ሚስት። ዘወር ብዬ ሳይ ሰልፉ እስከ ውኃ ቦኖው ደርሷል። ማንም ትንፍሽ አይልም።

በጓደኛዬ ጆሮ «ወላሂ፣ ታሪክ የሚወድ ሰው እንዲህ ይብዛ?» አልኳት።

«ስምሽ ተሰምቶ ነው» አለችኝ።

አመንኳት! እኔ ምን ላውቅ? እዚህ ነው የተወለድኩት። እዚህ ሰው ሲሞት በስልክ ይነገራል፤ ድምፅ ይላካል፣ ይለቀሳል፣ ያልቃል። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች በመጡበት በጎንደር አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ ሰው ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ፣ ነጠላ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሟች ዘመድ ደጅ እንደሚሄድ፣ መንገድ ላይ ያየውም «ማን ሞተ?» ሳይል ዝም ብሎ እንደሚከተል ማን ነግሮኝ? ኡስታዝም ገዳሪፍ የተወለደ ነው። የሺህ ዓመት ታሪክ ያውቃል፤ ይህችን አያውቅም።

ደረስን። አክስቴ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ቀና አለች። እኔን አየች፣ ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ፊቷ እንደ ሊጡ ነጣ። ዓይኗ ፈጥጧል። እኔ በልቤ «እልል! እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም!» አልኩ። አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ።

«ታላቅ ነበር። ሀብታም ነበር። ብዙዎች በጥላው ሥር ኖሩ። ዛሬ ግን የለም።»

አክስቴ ዘላ ተነሳችና «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ደረቷን መታች።

ያን ጊዜ ሰፈሩ ተነሳ። አሮጊቷ «ዋይ! ዋይ!» አሉ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ዘበኛው ዱላቸውን ጥለው አነቡ። ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ ቶብ የሚባለውን መጎናጸፊያዋን እያጣፋች ሮጣ መጣችና እጇን ዘርግታ ፋቲሓ መቅራት ጀመረች። እኔ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

አክስቴ አንድ ወንድም አላት፣ አጎቴ፣ ከድንበሩ ማዶ መተማ የሚኖር። ወባ ይዞታል የሚል ወሬ በዚያው ሳምንት ሰምታ ነበር። አራት ዓመት ተኳርፈዋል፤ ሊጠይቃት መጥቶ እንግዳ ፊት ዘላቢያዋን «ይሄ የመኪና ጎማ ነው?» ስላላት። አሁን ሁሉም ወጣ።

«ወንድም ጋሻዬ! ስልክህን አላነሳሁ! ምነው ባነሳሁት! ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ! ጎማ ብትለውም ስምንት በልተህ ነው የሄድከው፣ ወንድሜ!»

ኡስታዝ በመጨረሻ ነቃ። እጁን እያወናጨፈ መሀል ገባ። «እትዬ! እትዬ! ሰው አልሞተም! መንግሥት ነው! መንግሥት ነው የወደቀው!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ዘበኛው ዱላቸውን ሊያነሱ እንዳጎነበሱ፣ «መንግሥት ወደቀ? መቼ? ማታ ሬዲዮ ሰምቻለሁ እኮ! እንግዲህ ደግሞ ወዴት ልንሸሽ ነው?» አሉ። አንዷ ሴት ልጆቿን ልታነሳ ወደ ቤቷ ሮጠች።

«አይደለም አባባ! ከወደቀ አምስት መቶ ዓመት ሆኖታል!»

«አምስት መቶ ዓመት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እስኪነጋልን ብትጠብቁ ምን ነበረበት!»

መጀመሪያ የሳቁት አሮጊቷ ናቸው፤ እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ ነበር። ከዚያ ሁሉም። የሮጠችዋን ሴት ሰው ሄዶ መለሳት። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ወደ ቤት ገብታ ስልኳን ይዛ ወጣች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። እውነቱን ልጻፈው፤ እኔም ያኔ ተጠራጠርኩ። ምናልባት ቢሆንስ?

«ማነው በዚህ ጎህ?» አለ የእንቅልፍ ድምፅ።

«አለህ?»

«...አለሁ። አንቺ ነሽ?»

«ወባውስ?»

«ለቀቀኝ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ዘላቢያውን ግን አልረሳሁም!» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሎሪው ሲመጣ ታየኝ፤ እንዲያውም የተጫንኩበት ቦታ ታየኝ፣ ከኋላ፣ ከጎማው በላይ፣ የሚያነጥርበት።

«ለመሆኑ» አለች፣ «ወንድሜ መቼ ነው ሀብታም ሆኖ የሚያውቀው? አንቺ 'ሀብታም ነበር' ስትይ እንኳ መጠርጠር ነበረብኝ።» ተመልሳ ተቀመጠች። «በይ ቀጥይ። ለማን እንዳለቀስኩ ልወቀው።»

ሕዝቡም አልሄደም። ለቅሶ ቤት ተመጥቶ ሳይቀመጡ መመለስ ነውር ነው አሉ። ድንጋዩ ላይም ጀሪካኑ ላይም ተቀመጡ። እኔ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶኝ ነበር፤ ግን አላስፈለገኝም። ሰዎቹ ለቅሶ ቤት የሚጠየቀውን ጠየቁኝ፣ እኔ መለስኩ።

«ምን ነበር ሕመሙ?» አሉ አሮጊቷ።

«እንዲህ ነው ተብሎ በአንድ ቃል አይነገርም እማማ። ቀስ በቀስ ነው። ነጋዴው መንገድ ቀየረበት፤ ባላባቶቹ እርስ በርስ ተጣሉ።»

«የቆየ በሽታ ነዋ።»

«ጠያቂስ አልነበረውም?» አለች አንዷ። «ዘመድ?»

ይሄ የምወደው ቦታ ነው። በመጨረሻው ዘመን ከዚያ አገር አምስት ስድስት ሰዎች ተነስተው ኢትዮጵያ ንጉሥ ዘንድ መጥተው ነበር። ቄሶቻችን አልቀዋልና ቄስ ስጡን አሉ። ንጉሡም፣ እኔ ራሴ ጳጳስ የሚመጣልኝ ከግብፅ ነው፣ ከየት አምጥቼ ልስጣችሁ ብሎ መለሳቸው።

ዘበኛው ከተቀመጡበት ተነሱ። «ባዶ እጃቸውን?»

«ባዶ እጃቸውን አባባ።»

«ያን ሁሉ መንገድ መጥተው! አንድ ቄስ ጠፍቶ! የእኛ ደብር ብቻ ስንት አለ፣ ለጠላ ሲጠሩ ሃያ ይሆናሉ!» ተናደው ዱላቸውን ጭቃው ላይ ወጉት። ንጉሡ እዚያ ቢኖር የሚያመልጥ አልመሰለኝም።

ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን «ሶባ» የሚለውን ስትሰማ ጊዜ ነገሩ ገባት። በግማሽ ዓረብኛ፣ በግማሽ አማርኛ፣ «የእኛም አያቶች የሶባን መፍረስ ያወራሉ፣ ያፈረሰቻት አንዲት ሴት ናት፣ ወንዶቹን እርስ በርስ አጣልታ» አለች።

«አንድ ሴት?» አለች አክስቴ። «ያን ሁሉ ወርቅ፣ ያን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሴት ብቻዋን?»

«እንዲህ ይላሉ ወላሂ።»

«ወንዶቹ መጣላት ሳያምራቸው? እኔ ሁለት ሾፌር ማስታረቅ አቅቶኝ እውላለሁ፣ እሷ መንግሥት አጣልታ ታፈርሳለች!» አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል?»

«ሰዎች የሚያወሩት ተረት ነው እቴቴ። ውጭ ሰዎች መጥተው ወጓት የሚልም አለ፤ አስቀድማ ደክማ ነበር የሚልም አለ። ማንም ቆርጦ አያውቅም።»

«እሱ ይሻላል» አለች። «አላውቅም የሚለው ይሻላል።»

ከዚያ ሴቶቹ ሁለት ጎራ ሆኑ። ግማሹ ሶባን ጠላት ነው የገደላት አለ፣ ግማሹ ዘመድ ችላ ብሏት ነው አለ። እየተከራከሩ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ድምፃቸው ከቦኖው ማዶ ይሰማ ነበር። ኡስታዝ እንዲህ ያለ ክርክር ዩኒቨርሲቲም አልሰማሁም አለ። ሊጡ ግን ተነስቶ፣ ተነስቶ፣ ከሳፋው ወጥቶ መሬት ነክቷል።

አክስቴ ሊጡን ትሰበስባለች። እኔ ክዳኑን ይዤ ቆሜያለሁ።

«እቴቴ» አልኳት፣ «ታዲያ...»

«አላንቀላፋሁም» አለች፣ እንደተሸነፈ ሰው። «ማን ያንቀላፋል? ገና አንድ ወር አልተኛም። ሰኞ ሎሪው ያለ አንቺ ይሂድ።» ልዘልባት ስል በሊጥ እጇ አገደችኝ። «ግን ስሚኝ። ለሕፃናቱ ስትነግሪ መጀመሪያ ዘመኑን ንገሪ። ከሞተ ስንት ጊዜ እንደሆነው። ሰው ይተንፍስ።»

ሰኞ ሎሪው ሄደ። እኔ ራኩባው ሥር፣ ከሃምሳ በላይ ጥንድ ዓይን ፊት ቆምኩ። «ልጆች» አልኩ፣ «ይህ የሆነው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ማንም አልሞተም፣ የትም አንሸሽም።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ጥርሰ ወላቃ ልጅ እጇን አወጣች። «ታዲያ ለምን ትነግሪናለሽ?»

ኡስታዝን ፈልጌ ዞርኩ፤ ከትልልቆቹ ጋር ነው። መልሱ ምዕራፉ ውስጥ የለም። ጠመኔውን አስቀመጥኩና ሄጄ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት፣ እሷም መናገር ጀመረች፣ እስከ ምሳ አላቆመችም።