ጋሼ ከማዶ «ተቀምጫለሁ» ያሉኝ ቀን

የጋሼን ሥራ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ዘንግ ይዞ መቆም ነው፣ በቃ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ግን የመጣበትን ብርሃን ወደመጣበት የሚመልስ መስታወት አለ። እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ከወዲህ ማዶ በመለኪያ መሣሪያዬ ብርሃን እልካለሁ፣ መስታወቱ ይመልስልኛል፣ ብርሃኑ እስከተመለሰ ድረስ መሣሪያዬ ጢጥ ጢጥ ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ማዶ ለማዶ ስንተያይ ኖረናል። ከባሌ ጋር እንኳ ያን ያህል አልተያየንም።

ቀድሞ የእጅ ሬዲዮ ስላልነበረን ጋሼ መስታወቱን በባርኔጣቸው ሸፈን ገለጥ እያደረጉ ያናግሩኝ ነበር። ሲሸፍኑት መሣሪያዬ ዝም ይላል፣ ሲገልጡት ይጮኻል። አንድ ጊዜ ከሆነ «ለኪ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ቦታ ልቀይር ነው»። ረጅም፣ ዘገም ያለ ሁለት ደግሞ «ተቀምጫለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ»። ይሄኛው ደሜን ያፈላው ነበር። እኔ ፀሐይ ላይ ተገትሬ እሳቸው ዳቦ ሊገምጡ ቁጭ ይላሉ። ስቆጣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉኛል። ስንቴ እንዳሉኝ እግዜር ይቁጠረው።

ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ «ድረሺልኝ» ነው። እሱን አንዴ ብቻ ተጠቅመውበታል፣ ንብ የወረራቸው ዕለት። መንገድ ሳልመርጥ በገደሉ ቀጥታ ስወርድ እግሬ ወለም አለኝና ንብ የነደፋቸው ሰውዬ እኔን አዝለው ተመለሱ።

ይህ የማወራው ነገር የሆነ ቀን የምንለካው ከመኪና መንገዱ በላይ ያለ፣ የተሰነጠቀ ኮረብታ ነበር፤ በየወሩ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለማወቅ። ጠዋት ጉልበታቸውን ሲያሻሹ አየሁና «ጋሼ፣ ጡረታ ይውጡ እንጂ» አልኳቸው።

«አንቺን ለማን ጥዬ?»

«እኔማ በተገላገልኩ» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ኮረብታው ተሻገሩ።

አራት ሰዓት ሲሆን ኮረብታው ተናደ። ቀና ስል አቧራው ማዶውን ውጦታል። በሬዲዮ ብጠራ ዝም፣ ደግሜ ብጠራ ዝም። ወደ ናዳው ልሮጥ ስነሣ ሾፌራችን ክንዴን ያዘኝ።

«የት እንዳሉ ሳታውቂ ወዴት ነው?»

እውነቱን ነው። ወደ መሣሪያዬ ተመለስኩና አቧራው ሳሳ ሲል ማዶውን ከታች ወደ ላይ ማሰስ ጀመርኩ። ድንጋይ፣ አሁንም ድንጋይ። ከዚያ ጢጥ አለ።

ደስ አላለኝም። መስታወት ወድቆም ብርሃን ይመልሳል፣ የሚይዘው ሰው አያስፈልገውም። ጠበቅሁ። ድምፁ ተቋረጠ። ቆየና ተመለሰ። እንደገና ተቋረጠ፣ ዘገም ብሎ ተመለሰ።

ተቀምጫለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ።

መሬት ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ሾፌሩ አበደች ብሎ መሰለኝ ውሃ አቀረበልኝ።

«ምን አሉ?»

«ዳቦ እየበሉ ነው» አልኩት።

ደህና ናቸው ብዬ ስላመንኩ አልሮጥኩም። የአደጋ ሠራተኞች ጠርተን፣ በኮረብታው ጀርባ ባለው ረጅም መንገድ ዞረን ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለን ከእሳቸው በታች የቀረው አፈር ተገምሶ ወረደ። በቀጥታ ብሄድ ኖሮ የምወጣው በዚያ ነበር።

ጋሼን ያገኘናቸው አንድ እግራቸው እስከ ጉልበቱ ቋጥኝ ሥር ሆኖ ነው። አጥንቱ ተሰብሯል፣ ሬዲዮአቸው ተጨፍልቋል፣ ዘንጉ ግን በእጃቸው ነው። በሕይወት መኖራቸውን በዓይኔ ሳይ ንዴቴም አብሮ ተመለሰ።

«ይሄ መቀመጥ ነው? ሦስቱን ለምን አላሉኝም?»

ቋጥኙ ተነሥቶ ቃሬዛው ላይ እስኪተኙ ጥርሳቸውን ነከሱ። ከዚያ «ሦስት ብልሽ በቀጥታ ትመጪ የለ» አሉኝ። «አፈሩ አለመርጋቱ ከዚህ ይታየኛል። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ።»

የጠዋቱን ይቅር ይበሉኝ ልል ብዬ ተውኩት። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝኩ።

«ቀስ» አሉኝ።

መኪናው ድረስ አንድም እርምጃ አልቸኮልኩም።