በወንድሜ ታርጋ አባዬ ተመሰገነ

ናቲ፣ ተነስና ስማኝ። ይህንን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው?

ለማታውቁት... ናቲ ታላቅ ወንድሜ ነው። የአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ ተመልሶ፣ በቅርቡ በሕመም ያረፈብን። መኪናው ላይ ያለው ታርጋ «ቬተራን»፣ የቀድሞ ወታደር፣ የሚል ነው። መኪናው ወደ አባዬ ስም ሲዞር ታርጋው መነሳት አለበት ተብለናል። ወታደሩ አባዬ አይደለማ።

ባለፈው ሳምንት ለአርባህ የሚሆን ዕቃ ልንገዛ በአንተ መኪና ኦሮራ ከተማ ወዳለ ሱቅ ሄድን። ሱቁ በር ላይ ፓርክ አድርገን ስንወርድ አንድ ነጭ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው መጡ። ታርጋውን አዩ፣ አባዬን አዩ፣ ቀጥ ብለው ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«ስለ አገልግሎትህ አመሰግናለሁ።»

እኔ «የወንድሜ ነው» ልል አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ። በዚያች በሚያውቃት እንግሊዝኛ «ምንም አይደል» አላቸው።

«የት ነበርክ?»

«ምጽዋ።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እሱ ኢራቅ ውስጥ ነው?»

«ቀይ ባሕር ላይ ነው። በጣም ይሞቃል።»

«ምን ነበርክ?»

«እግረኛ።»

«እኔም እግረኛ!» ብለው ትከሻውን ያዙት።

እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። አባዬ ታክሲ ነጂ ነው። የሞተ ልጁን ምስጋና ሱቅ በር ላይ ቆሞ በውሸት ሲቀበል... ምን ይባላል?

ከዚያ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጓደኞችህ ተመለሱ?» አሉት።

አባዬ አለቀሰ። ናቲ፣ ቀብርህ ላይ እንባ ያልወጣው አባታችን የማያውቃቸው ሽማግሌ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሳቸውም አቀፉት። ሰው ሽንኩርት በጋሪ እየገፋ በጎናችን ያልፋል...

መኪና ውስጥ እንደገባን «ለምን ዋሸሃቸው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወታደር ነበርኩ ያልከውን ነዋ!»

«ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ከመንገድ ላይ አፍሰው ወስደውኝ።»

«ናቲ ያውቅ ነበር?»

በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። «ለጦሩ ሲመዘገብ ልነግረው ነበር። ተናድጄ ዝም አልኩ።»

ለካ ያኔ ያኮረፈህ ለዚህ ነው! እኔና አንተ ደግሞ «አባዬ ጠመንጃ ይፈራል» እያልን እንስቅበት ነበር።

እስካሁን ግራ የገባኝ ግን... ያ ለቅሶ ለማን ነው? ለአንተ? ምጽዋ ለቀሩት? ምስጋናውስ የማን ነበር? «የወንድሜ ነው» ብዬ ብናገር ኖሮ ጥሩ አደርግ ነበር ወይስ አበላሽ ነበር? አላውቅም።

አርባህ አለፈ። አልጋህ ላይ ሲተኛ የሰነበተው የአክስታችን ልጅ ትናንት ሴንቴኒያል ወዳለው ቤቱ ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ትንሽ ጣሪያውን አየሁ... ከዚያ ተነስቼ ወጣሁ። አባዬ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«አባዬ፣ ሲወስዱህ ስንት ዓመትህ ነበር?»

ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተን ነበር የማክለው» አለና ወንበር ሳበልኝ።

ትምህርት ቤት አረፈድኩ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ወሬ ይዞኝ» አልኳቸው።