በጆሮ የታዩ ከተሞች

ኒቆዲሞስ ለገሠ ለትምህርት ቻይና ሊሄድ ነው ሲባል፣ ከሐረር ፈላና በር ውጭ ያለው ሰፈራችን ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እሱ ብቻ አወራ። ዓይነ ስውር ነዋ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ ዓይኑን ወስዶበታል። እናቱ ወይዘሮ ገላነሽ ግን ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እየደረደሩ «እዚህስ ቢሆን ማን መርቶት ያውቃል?» አሉ። ወሬው በዚያው አበቃ።

እውነታቸውን ነበር። ከሰባት ዓመቱ ወዲህ እጁን ይዞ የመራው የለም። በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ሲሄድ ምላሱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፤ ድምፁ ከግንብ ግንብ ተመልሶ መንገዱ የት እንደሚጠብ፣ የማን በር እንደተከፈተ ይነግረዋል። መኪና ግርግር የሚባለው ጎዳና ሲደርስ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ይሰማል፤ የቀረውን አፍንጫው ይጨርስለታል። እኔ አንድ ትምህርት ቤት አብሬው አስተምራለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁበትን ሰፈር አቋራጭ ያሳየኝ እሱ ነው ብል አላፍርም።

የሄደው በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪውን ሊሠራ ነው። ደቡብ ቻይና ደርሶ ሳምንት ሳይሞላው ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ እዚህ መሬቱ ላይ ተጽፏል።»

«ምን ተብሎ?»

«ሂድ ተብሎ፤ ቁም ተብሎ።»

ከባቡር ጣቢያው እስከ ዩኒቨርሲቲው በር በእግር የሚዳሰስ ንጣፍ ተዘርግቶ ኖሯል። ረጃጅም መስመር ከሆነ ቀጥል፣ ድቡልቡል ከሆነ ቁም ወይም ታጠፍ ማለት ነው። ባቡሩ የደረሰበትን ይናገራል፤ ሊፍቱ ፎቁን ይጠራል። በሁለት ወር ውስጥ ብቻውን ገበያ ወጥቶ ይገባ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ተማሪዎችን ሼንዘንና ቾንግቺንግ ወስዶ ሊያስጎበኝ ስም መዘገበ። አስተባባሪዋ በትሕትና «ጉዞው አብዛኛው የሚታይ ነገር ነው፤ እንዳይሰለችህ ብዬ ነው» አለችው።

«ከሰለቸኝ እነግርሻለሁ» አለና ስሙን አስመዘገበ።

አብሮት የሄደው ሙሜ ነው። ሙሜ ከሐረር በላይ ያለው የሐኪም ጋራ ገበሬ ልጅ ሲሆን እዚያው ሲቪል ምህንድስና ይማር ነበር። ሼንዘን ገብተው ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ሲቆሙ አንገቱ እስኪያመው ሽቅብ አየ።

«አቦ ኒቆ፣ ይሄንን እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ጫፉ ደመና ውስጥ ነው።»

«ቆይ፣ አትንገረኝ» አለ ኒቆዲሞስ።

ነፋሱ በመስታወቱ ተንሸራትቶ ይወርድና ትከሻው ላይ ያርፋል። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ደግሞ በጎን ይመታዋል። ኒቆዲሞስ በነፋሱ ብቻ እየተመራ የሕንፃውን አንድ ጎን በእርምጃ ለካ። ሊፍት ውስጥ ጆሮው ሦስት ጊዜ ተደፈነ፣ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። ላይ ሲደርሱ ሙሜ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«ምን ታያለህ?»

«እኛ ጋራ ላይ ሆነህ ከተማውን ቁልቁል ስታይ፣ ቤቱ ያልቅና እርሻ ይጀምራል። ይሄ አያልቅም።»

«ደስ ይላል?»

«ያስቀናል» አለ።

ችግሩ የመጣው ከወረዱ በኋላ ነው። ሕንፃው ፊት ለፊት ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ሰፊ አደባባይ አለ። ሙሜ ውኃ ሊገዛ ሲሄድ ኒቆዲሞስ በትሩን ይዞ ብቻውን ገባበት። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ ምላሱን ቀጭ አደረገ፤ ምንም አልተመለሰም። እንደገና ሞከረ፤ ምንም የለም። ግድግዳ የለ፣ ጥግ የለ፣ ከእግሩ በታች ያለው እብነ በረድ ልሙጥ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ያለ ድምፅ መጥቶ እጅጌውን ነክቶት አለፈ። ከልጅነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ለማንሳት ፈራ።

አልጮኸም። ቆሞ ብዙ አዳመጠ። በስተግራ፣ ራቅ ብሎ፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር የሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲያጉረመርም ሰማ። ያንን ድምፅ ሳይለቅ ሄዶ መደገፊያውን ጨበጠ። ሙሜ ሮጦ ሲደርስ የኒቆዲሞስ ፊት በላብ ርሷል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ይሄ ሜዳ ለዓይን ነው የተሠራው።»

«ሰው የሚያደንቀው እኮ ስፋቱን ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የሚጎድለውን አወቅሁ» አለው።

ቾንግቺንግ ሌላ ነው። ከተማው ተራራ ላይ ተሰቅሏል፤ ደረጃው ማለቂያ የለውም፣ አሮጌው ሰፈር ጠባብ ነው፣ በየበሩ በርበሬ በዘይት ይጠበሳል። ኒቆዲሞስ የሙሜን ክንድ ለቀቀና ደረጃውን ፊት ፊት ወጣ። ግንቡ በሁለቱም በኩል ይመልስለታል። ሙሜ ከኋላ እያለከለከ «ቀስ በል እንጂ!» ይለው ነበር። አስተባባሪዋም ሰለቸህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም።

ሲመለስ ጀምሮት የነበረውን የመመረቂያ ጽሑፍ ትቶ፣ ዓይነ ስውር ተማሪዎች ሰፊ ቦታን በድምፅና በእግር እንዴት እንደሚለዩ አጠና። ባቀረበበት ቀን አንድ ፕሮፌሰር «በከተማችሁ እንዲህ ያለ ንጣፍ አለ?» ሲሉ ጠየቁት።

«የለም። ግንብ ግን አለ» አለ።

ሰዎች ሳቁ። እሱ ግን መቀለዱ አልነበረም፤ ጀጎልን ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳቸው። ወደዱለት።

ባለፈው ዓመት ሐረር ተመልሶ ወደ ትምህርት ቤታችን ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ከመማሪያ ክፍሎቹ እስከ ውጪው በር ባለው ሜዳ ላይ የሚዳሰስ የድንጋይ መስመር እንዲሠራ ማመልከት ነበር። ጉዳዩን እንዲያይ የተላከው መሐንዲስ ወንድወሰን ይባላል።

«ጥናትዎ ጥሩ ነው፤ ግን አርባ ሜትር ሜዳ ምን መስመር ያስፈልገዋል?» አለ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑና በሩ ድረስ ይሂዱ» አለው ኒቆዲሞስ።

ወንድወሰን ፈገግ ብሎ ጨፈነ። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ፈገግታው ጠፋ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። ጥቂት ሄዶ ዓይኑን ሲገልጥ፣ በሩን ትቶ ወደ ሰንደቅ ዓላማው መስቀያ እየገሰገሰ ነበር።

«ስንት ናቸው የማያዩት ልጆች?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዐሥራ አንድ።»

ድንጋዩን የጠረቡት የኮብልስቶን ሠራተኞች ናቸው። ኒቆዲሞስ ጫማውን አውልቆ እያንዳንዱን በእግሩ ሞከረ፤ የመጀመሪያዎቹን ሃያ «ልሙጥ ነው» ብሎ መለሰባቸው። አጉረመረሙ፣ ግን እንደገና ጠረቡ። ወይዘሮ ገላነሽ ሥራው ያለቀ ዕለት መጥተው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበትና «ጫማዬን ትንሽ ይቆረቁራል» አሉ።

«እንዲቆረቁር ነው እማዬ» አላቸው።

አሁን ልጆቹ ሲደወል በመስመሩ ላይ ይሮጣሉ፤ አትሩጡ ብንላቸውም አይሰሙን። ኒቆዲሞስ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ እስከ ፈላና በር ያለውን መንገድ ለክቶ ሁለተኛ ማመልከቻ አስገብቷል። እስካሁን መልስ አልመጣም። ትናንት መምህራን ክፍል ውስጥ ስጠይቀው የብሬል ወረቀቱን በጣቱ እያነበበ፣ ቀና ሳይል «ይመጣል» አለኝ። «ካልመጣ ወንድወሰንን እንደገና ዓይን አስጨፍነዋለሁ።»