የሂልዳ አደራና የአምብሮዝ ሩባርብ

ሂልዳ ትሬልፎል በመንደራችን ስሟ የሚነሳው በሁለት ነገር ነበር፤ በምላሷና በሩባርብ ፓይዋ። ምላሷን የሚፈሩት እንኳ ፓይዋ ሲቀርብ ወንበር ይስቡ ነበር። ሩባርብ የሚባለውን፣ በስኳር ተለውሶ በሊጥ ውስጥ ለፓይ የሚጋገረውን ያን ቀይ፣ ጎምዛዛ አገዳ የምታገኘው ከራሷ ጓሮ አልነበረም፤ የሷ ጓሮ ድንጋይ ብቻ ነው። በአጥር ላይ የሚያቀብላት ጎረቤቷ ሽማግሌው አምብሮዝ ሳትክሊፍ ነበር።

"እንቺ፣ ምላስሽን አጣፍጪበት" ይላታል።

"አንተም ጥርስ ካለህ ና ብላ" ትለዋለች። ፍቅራቸው እንዲህ ነበር።

ጊዜው ከጦርነቱ በኋላ ስኳር በራሽን መታደሉ የቀረበት ሰሞን ነው፤ አውራጃችን ዮርክሸር በሙሉ ፓይ ይጋግር ነበር ብል አልዋሸሁም። በየበጋው በሚደረገው የመንደር ውድድር አንደኛዋ ሂልዳ፣ ሁለተኛዋ ማቪስ ክሌግ ናት። ከመለመዱ የተነሳ ዳኞቹ መቅመሱንም የተዉት ይመስል ነበር።

ኋላ አምብሮዝ ደረቱን ታመመና ጠበቃውን አቶ ፒክልስን አስጠራ። ሂልዳ ሾርባ ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

"ቤቱና ጓሮው ለልጅ ልጄ ለሮዊና ነው" አለ አምብሮዝ። "እስክታድግ ሂልዳ ትጠብቅላታለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።"

ጠበቃው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። "ተስፋ አይበቃም፣ አቶ ሳትክሊፍ። ተስፋ ብዬ ከጻፍኩ ሕጉ ምኞት ነው ብሎ ያልፈዋል። አደራ መሆኑ፣ የትኛው ንብረት እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ ጥርት ብሎ ይነገረኝ።"

"ሚስቴን ስጠይቅ እንኳ እንዲህ አልተፈተንኩም። በሉ ይጻፉ፤ አደራ ነው። ቤቱና ጓሮው ነው። ለሮዊና ነው። የምትይዙት እርስዎና ሂልዳ ናችሁ።" ወደ ሂልዳ ዞረ። "እምቢ ካልሽ አሁን በይ፤ ከሞትኩ በኋላ ልጨቀጭቅሽ አልችልም።"

"እፎይ እላለኋ" አለችው፤ ግን እሺ አለች።

አምብሮዝ ክረምቱን አልዘለቀም። ጸደይ ሲመጣ ሩባርቡ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቅጠሉን ዘርግቶ ወጣ። ሂልዳም ገብታ አገዳውን ከሥሩ እየጠመዘዘች ነቀለች፤ አንድ እቅፍ ይዛ ስትወጣ አቶ ፒክልስ የቤቱን ጣሪያ ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

"ወይዘሮ ትሬልፎል፣ እሱ የማን ነው?"

"የኔ ነዋ። ሰነዱ ላይ የማን ስም ነው ያለው?"

"ስሙ የእርስዎና የኔ ነው። ጥቅሙ የሮዊና ነው። ባለአደራ ከያዘው ነገር አንድ አገዳ ለራሱ አይወስድም።"

"አምብሮዝ እኮ ይሰጠኝ ነበር።"

"እሳቸው የሰጡት የራሳቸውን ነው።"

ሂልዳ እቅፏን አየች። "እንግዲያው ልግዛው። ከገበያው ዋጋ ጨምሬ።"

"ማን ይሸጥልዎታል?"

"እኔ።"

"ለማን?"

ሻጭም ገዢም ራሷ ልትሆን እንደሆነ ገባት።

"ልጅቷን ይጠይቋታ" አለች። "እሺ ትላለች።"

"እሺ የምትለው ለአካለ መጠን ስትደርስ ነው። አሁን የፊት ጥርሷ ገና አልበቀለም።"

ከዚያ ወዲህ ሂልዳ በጓሮው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ሩባርቡን እየሸጠች ገንዘቡን ለሮዊና ታስቀምጥ ጀመር። ለራሷ ፓይ ከሱቅ የጠወለገ አገዳ ትገዛለች፤ ባለሱቁም ስታልፍ እያየ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ይነክሳል። የመረራት ግን የውድድሩ ነገር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ያቺ አንድ ቀን ናት ስሟ በመልካም የሚጠራባት።

በውድድሩ ዋዜማ ማቪስ ክሌግ ቅርጫቷን አንጠልጥላ መጣች።

"ሂልዳዬ፣ ያን ከጓሮው ግንብ ሥር ያለውን ለጋውን ነው የፈለግኩት።"

"እሱ ውድ ነው።"

"ከማንም አብልጬ እከፍላለሁ።"

ሂልዳ ወደ ጓሮው ገብታ ቆመች። አልቋል ማለት ትችላለች። ያረጀውን፣ ቃጫ የሆነውን ሰብስባ መስጠትም ትችላለች፤ ማን አይቶ ነው? እጇም ወደ አሮጌው ሄዶ ነበር። ግን ማቪስ በደህና ዋጋ ከገዛች የሚጠቀመው ማን ነው? ልጅቷ ናት። ሂልዳ ጎንበስ አለችና ከግንቡ ሥር እያማረጠች ነቀለች።

"ቅጠሉን ልቁረጥልሽ" አለች ስትመለስ። "መርዝ ነው። ብተወው ደስ ባለኝ።"

"አውቃለሁ" አለች ማቪስ፤ ገንዘቡንም ሳትቆጥር አስቀመጠች።

በማግስቱ ዳኛዋ የማቪስን ፓይ ቀመሰች፣ ደገመች፣ ቀዩን ሪባን ሰካችበት። ሂልዳ ሁለተኛ ሆነች። አገዳውን ከየት አመጣሽው ስትባል ማቪስ የውድድሩ ድንኳን ሁሉ እስኪሰማ "ከሂልዳ!" አለች።

"አይ ሂልዳ፣ በገዛ ሩባርብሽ ተሸነፍሽ" አለ ባለሱቁ።

"የኔ አይደለም፤ የሮዊና ነው" አለች።

ሳቁ ጋብ ሲል ማቪስ በሳህን ቁራሽ ይዛ መጣች። "ብዪ እስቲ። አሁን የኔ ነው፤ ጠበቃሽም አይከለክልሽም።"

ሂልዳ አቶ ፒክልስን በዓይኗ ፈለገች። ሁለት ጉንጩን ሞልቶ እያላመጠ በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት። ቆረሰችና አፏ ውስጥ አደረገች። ከአምብሮዝ ሞት ወዲህ ያ ጣዕም አፏ አልገባም ነበር። ቀስ ብላ አላመጠች፤ ማቪስም፣ ይገርማል፣ አላስቸኮለቻትም።

"ስኳሩ በዝቷል" አለች ሂልዳ በመጨረሻ፤ ሳህኑንም እንድትጨምርላት ዘረጋችላት።